ክሩ በተወደደባቸው ቅዳሜዎች

የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል። በደርግ ጊዜ አንድ ነገር የሚችል ሰው ቀበሌው ዝም ብሎ አይተወውም ነበር። ድምፅ ያለው ለኪነት ቡድን ይታዘዛል፣ ጉልበት ያለው ለጥበቃ ይታዘዛል፣ እኔን ደግሞ ለዋጋ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አዘዙኝ። «ጓድ መምህር፣ አንተ ቁጥር ታውቃለህ» አለኝ ሊቀ መንበሩ፤ በቃ፣ ምርጫው ያ ነበር። ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ «እምቢ ማለት አይችሉም ነበር?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ጊዜውን አላዩትም። እናደዳለሁ።

ሥራው ሲሰሙት ቀላል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳን ከታች እስከ ላይ እየዞሩ የክር ዋጋ መመዝገብ፣ ቆይቶ ደግሞ ለኮሚቴው ሪፖርት ማቅረብ። ለምን ክር? በእኛ ሰፈር ስንቱ ሰው የሚያድረው በክር ነው። ሸማኔ ክር ካጣ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እንደሰደደ ሥራ ፈቶ ይውላል፤ የዚያን ሳምንት ልጆቹ ምን እንደሚበሉ እግዜር ያውቃል። የሸማኔዎቹ ማኅበር ከፋብሪካ በኮታ ያመጣል፣ ኮታው ግን ወሩን አያጋምስም። የጎደለውን ሸማኔው በየቅያሱ አፍ ከተቀመጡ ቸርቻሪ ሴቶች በእሽግ ይገዛል። ሴቶቹ ከየት እንደሚያመጡት ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይጠይቅም። ኮሚቴው ላይ ጋቢ ደርበው የሚቀመጡት ራሳቸው የለበሱት ያንኑ ክር ነበር።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ የግቢዬ ሰው ነበሩ። ቀበሌው በሰጠኝ ቤት፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ፣ እሳቸውና ባላቸው ይኖሩ ነበር። ባልየው በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀን ሙሉ የመወርወሪያቸው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ሚስትየው ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጡ፣ በኦሮምኛ ተራግመው በአማርኛ የሚስቁ ሴት ነበሩ፤ እሳቸውን እትዬ እላለሁ። ልጅ አልወለዱም። እኔ ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ሳምንት ስተኛ አጥሚት ይዘው የገቡት እሳቸው ናቸው፤ ሸሚዜን ያጠቡትም እሳቸው ናቸው። «አንተ ደረቅ መምህር፣ ብትሞትብኝ ለእናትህ ማን ይጽፍልኛል? እኔ እንደሁ ፊደል አልቆጠርኩ» ይሉኝ ነበር። እወዳቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ብናገረው የሚያምነኝ አይኖርም።

ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁና አራት ዓምድ አሰመርኩበት፦ ሰዓት፣ ሻጭ፣ ዋጋ፣ ያለፈው ቅዳሜ ዋጋ። ሰዓቱን ማንም አላዘዘኝም፤ እኔው ነኝ ከእውቀቴ የጨመርኩት። የተለካበት ሰዓት ያልተጻፈበት ልኬት ልኬት አይደለም ተብዬ ተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼንም በዚያው አሰለች ነበር። መንገዴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከግቢያችን ወጥቼ ቅያሱን ስጨርስ የእትዬ መደብ አለ፤ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ እሳቸው ጋ እደርሳለሁ። እፍኝ ቆሎ ይሰጡኛል፣ ዋጋቸውን ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። ከዚያ ዳገቱን ይዤ ወደ ላይ። ሁለት ከሩብ ላይ ቀጣይዋ ጋ፣ ሁለት ተኩል ላይ ሦስተኛዋ ጋ፣ እንዲህ እያልኩ አምስት ሰዓት ገደማ ወደ ቁስቋም መውጫው ላይ እጨርሳለሁ።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሰላምታውን እንደጨረሰ ዋጋ ይጠያየቃል። ከመርካቶ የሚመለስን ሰው ገና ጤናውን ጠይቀው ሳይጨርሱ «በርበሬ ስንት ገባ?» ይሉታል፤ አለመመለስ ነውር ነው። እኔም በየደረስኩበት «እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደርክ» ከተባባልን በኋላ «ታች ስንት ይሉታል?» እባላለሁ። እነግራቸዋለሁ። ለምን አልነግራቸው? የጦር ሜዳ ምስጢር አይደለም፣ የክር ዋጋ ነው።

ነገሩ የተነሣው በጥቅምት ነው። የማኅበሩን ክር የሚያመላልሰው መኪና ተበላሸ ተባለና የአንድ ሳምንት ኮታ ሳይመጣ ቀረ። ዋጋው ትንሽ ከፍ አለ፤ እሱ የሚጠበቅ ነው። በሳምንቱ መኪናው ተጠግኖ መጣ፣ ኮታው ታደለ፣ ዋጋው ግን አልተመለሰም። እንዲያውም ጨመረ። የመዘገብኩት ስሕተት መስሎኝ ዳገቱን እንደገና ወርጄ ጠየቅሁ። ስሕተት አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ጭማሪ፣ በሚቀጥለውም ሌላ፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ደግሞ ከፊተኛው ጭማሪ ይበልጣል። ክር ጠፍቶ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ክር ግን አልጠፋም። እንዲያውም ሰፈሩ ውስጥ የዚያን ጊዜን ያህል ክር ተከማችቶ አያውቅም።

ምስጢሩን ያየሁት እዚያው እትዬ መደብ ላይ ነው። ሁልጊዜ አራት እሽግ የሚገዛ አንድ ሸማኔ መጣና ሰባት ስጡኝ አለ።

«ሠርግ አለብህ እንዴ?» አሉት እትዬ።

«ኧረ የለብኝም፤ ተወደደ ብዬ ነው።»

«ተወዶ ሳለ ታበዛለህ?»

«ስለተወደደ እኮ ነው የማበዛው። ለቅዳሜ ደግሞ ይብሳል።»

ሰባቱን ወስዶ ሄደ። እትዬም የቀረቻቸውን ክር አየት አደረጉና ለሚቀጥለው ገዢ ትንሽ ጨመር አድርገው ነገሩት። እሳቸውም ነገ የሚያመጡት በውድ ነው፤ ምን ያድርጉ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሽመና ጋር ምንም የማያገናኘው ሁሉ ክር ገዛ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የእንጨቱን ሽያጭ በክር ይዘው ይመለሱ ጀመር። ታሪክ የሚያስተምር ባልደረባዬ ሦስት እሽግ ገዝቶ ከአልጋው ሥር ደበቀ። እኔስ? ልዋሽ አይደለም የተቀመጥኩት፤ እኔም ሁለት ገዛሁ። እየሆነ ያለውን ከሁሉ ይበልጥ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ስለማውቅም ነው የገዛሁት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ዘርግቼ ቀመር ጻፍኩ። የሚመጣው ሳምንት ጭማሪ ማለት የዚህ ሳምንት ጭማሪ በአንድ አባዢ ቁጥር ተባዝቶ ነው አልኩ። አባዢው ከአንድ ካነሰ ወሬው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ዋጋውም አንድ ቦታ ያርፋል። ልክ አንድ ከሆነ ዋጋው በእኩል እርምጃ ይወጣል። ከአንድ ከበለጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዛሬ የሚወደደው ትናንት ስለተወደደ ብቻ ነው፣ ክሩ ራሱ ከጨዋታው ወጥቷል። ከመዝገቤ አባዢውን አወጣሁት። ከአንድ በላይ ሆነ። ይሁን ብዬ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከኋለኞቹ ለይቼ አሰላሁት፤ አባዢው ራሱ እያደገ ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ፣ በእውነት ፈራሁ። መስመሩን በካሬው ላይ ስስለው መጀመሪያ ለጥ ብሎ ይሄድና እየቀና እየቀና ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለም። ቦታ የለም ማለት ዋጋው ሰማይ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ይሰበራል ማለት ነው። የሚሰበረው የክሩ ዋጋ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ለእትዬ ነገርኳቸው። በቀመር ሳይሆን በእጄ፣ አየር ላይ መስመሩን እየሳልኩ። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና «እንግዲያ አንድ ሰው ቢያቆመውስ?» አሉ። «አንድ ሰው በድሮው ዋጋ ቢሸጥስ?» ቀመሩ አንድ ሰው አያቆመውም ነው የሚለው። እኔ ግን ሐሳባቸው ደስ አለኝና ይሞክሩት አልኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጥቅምቱ ዋጋ ሸጡ። ክራቸው ግማሽ ሰዓት አልቆየም። የገዙትም ሸማኔዎች አልነበሩም፤ ከላይ ያሉት ቸርቻሪዎች ሰው ልከው ጠራርገው አስወሰዱትና በእጥፍ ሸጡት። እትዬ ባዶው መደብ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ አገኘኋቸው። «አየህ መምህር፣ ገበያ ላይ ጽድቅም ከወጣ ይቸረቸራል» አሉኝ። እኔም ያን ዕለት የሸጡበትን ዋጋ በዓምዱ ውስጥ ጻፍኩት፤ ብቻውን ዝቅ ያለ ቁጥር ሆኖ ቀረ።

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን በሬዲዮ አይጠፋም ነበር። ዕቃ ደበቀ የተባለ ነጋዴ ምን እንደሚሆን ሰው ያውቃል። ከመርካቶ የተወሰደ አንድ የጨው ነጋዴ ነበር፣ ቤተሰቡ ከዚያ ወዲህ ጫማውን እንኳ አላገኘም ይባል ነበር። ሽሮ ሜዳ ላይም ቀበሌው ሰው እየፈለገ መሆኑ ይወራል። እኔ ታዲያ ሪፖርቴ ሰው ያድናል ብዬ አመንኩ። ተንኮለኛ እንደሌለ፣ ገበያው ራሱን በራሱ እየነዳ እንደሆነ በቁጥር ካሳየኋቸው ማንንም አይወስዱም አልኩ። «ዋጋውን ያናረው ማንም አይደለም፤ ሁላችንም ነን» ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻው ገጽ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዋጋው በራሱ ጊዜ እንደሚወድቅ ጨመርኩበት። ደብተሩንም ማስረጃ ይሁን ብዬ ከሪፖርቱ ጋር አያያዝኩት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ደግሞ በእጄ ይዤ ነው ያደረስኩት።

ስብሰባው እሑድ ከውይይት ክበብ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተደረገ። ሰባት ሰዎች ነበርን። ሊቀ መንበሩ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እኔን አየኝ።

«ጓድ መምህር፣ ማንም የሚባል ነዋሪ በቀበሌያችን መዝገብ ላይ የለም። ሁላችንም የሚባልም የለም። ማነው?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያቺ ሳቄ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ጸሐፊው ግን አልሳቀም። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ነበር፤ ከሊቀ መንበሩ ይልቅ እሱን ነበር የምፈራው። ሪፖርቱን ትቶ ደብተሬን ያነብ ነበር።

«ሁለት ሰዓት፣ ይህች ሴትዮ» አለ በጣቱ እየተከተለ። «ሁለት ከሩብ፣ ቀጣይዋ፣ ያው ዋጋ። ሁለት ተኩል፣ ሦስተኛዋ፣ ትንሽ ጨምራ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት፣ ይህችው ሴትዮ።» ገጹን ገለጠ። «በሚቀጥለውም። ሁልጊዜ የምትጀምረው እሷ ናት፣ ሌሎቹ ይከተሏታል። ጓድ መምህር ማንም አይደለም ይላል እንጂ ስሟን ጽፏል።»

«ሰዓቱ እኮ እኔ የደረስኩበት ነው» አልኩ። «እሳቸው ዋጋ የጨመሩበት ሰዓት አይደለም። ከእሳቸው የምጀምረው ለቤቴ ቅርብ ስለሆኑ ነው።»

«እዚህ ጋ ደግሞ ዋጋ ጥላለች» አለ ሊቀ መንበሩ ከአጠገቡ አሻግሮ እያየ።

«ለመሸፈን ነዋ» አለ ሌላው የኮሚቴ አባል።

«ጥሩ» አለ ጸሐፊው፣ እኔን እንጂ እነሱን ሳያይ። «ሰዓቱ አንተ የደረስክበት ነው እንበል። አንድ ነገር ብቻ አስረዳኝ። ቦታው ዳገት ነው፣ ሴቶቹ ከመደባቸው አይነሡም። ታዲያ የታችኛዋን ዋጋ የላይኞቹ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንዴት ያውቁታል? ማነው የሚነግራቸው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ሳምንት ሳስላ ያልታየኝ፣ ጸሐፊው በአንድ ጥያቄ ፊቴ ላይ አስቀመጠው። የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። «ታች ስንት ይሉታል?» ሲሉኝ የምመልሰው እኔ። ዋጋውን የምለካ መስሎኝ ከመደብ ወደ መደብ በአፌ ተሸክሜ አወጣው ነበር። ከኅዳር ወዲህማ ሴቶቹ ቅዳሜ ጠዋት ዋጋ አይቆርጡም፤ «መምህሩ ይምጣና እንሰማለን» እያሉ ነበር የሚጠብቁኝ፤ ይህን ራሳቸው ነግረውኝ ተመችቶኝ ነበር፣ የተከበርኩ መስሎኝ። እያደገ ያስፈራኝ አባዢ ቁጥር ውስጥ ስንቱ እኔ ነበርኩ? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። የቀድሞውን ሳምንት ዋጋ ሳይቀር ከደብተሬ ያነበብኩላቸው ጊዜ ነበር።

ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነው። «እኔ ነኝ» ቢባል ያልቅ ነበር። ብያቸው ቢሆን እሳቸውን ይተዉአቸው ነበር ወይ? አላውቅም፤ ምናልባት ሁለታችንንም ይወስዱን ነበር። ግን እሱን አስልቼ አይደለም ዝም ያልኩት። ፈርቼ ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

«ደብተሩ የእጅ ጽሑፍህ ነው?»

«ነው።»

«በየሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ያለችው እሷ ናት?»

«ናት።»

ሁለቱም እውነት ነው። ጸሐፊው ደብተሩን ዘጋና ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀመጠው። ሊቀ መንበሩ ስለ ሥራዬ ጥራት አመሰገነኝ፣ ከዚያ ስለ ጽዳት ዘመቻ መናገር ጀመሩ። ማታ ግቢ ስገባ እትዬ «ስብሰባው እንዴት ነበር?» አሉኝ። ደህና ነበር አልኳቸው። መንገር እችል ነበር። ሱሉልታ ዘመድ አላቸው፤ ሌሊቱን ተነሥተው መሄድ ይችሉ ነበር። ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ስጨነቅ ነጋ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። እኔ ግቢው ውስጥ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ፤ ጋሼ ከጉድጓዳቸው ተነሥተው እጃቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመዋል። አልተመቱም፣ አልተሰደቡም፤ ጠባቂዎቹ እንዲያውም ይሉኝታ የያዛቸው ይመስሉ ነበር፣ የሰፈር ልጆች ናቸው። እትዬ በእኔ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አትደንግጥ መምህር» አሉኝ። «ስለ ክሩ ሊጠይቁኝ ነው። አንተ ታስረዳቸዋለህ።»

ፊቴ ላይ ሳሙና ነበር። አዎ አልኳቸው።

ወሬው በአንድ ቀን ቁስቋም ደረሰ። ክር የደበቀ ሁሉ በክር መያዝን ፈራ። የላይኞቹ ቸርቻሪዎች ያላቸውን አውጥተው በተገኘው ዋጋ ሸጡ፤ ሸማኔዎቹ ከአልጋ ሥር እያወጡ መለሱ፤ የታሪክ መምህሩ ሦስቱን እሽግ ለተማሪዎች ወላጅ በነጻ ሰጠ። በሁለት ቅዳሜ ውስጥ ዋጋው ከጥቅምቱ በታች ወረደ፤ ልክ በታኅሣሥ አጋማሽ። መዝጋቢው እኔው ነበርኩ፣ አዲስ ደብተር ሰጥተውኛል። እትዬ መደብ ላይ ማንም አልነበረም፣ ቆም እልና አልፋለሁ። ሴቶቹም ከዚያ ወዲያ ታች ስንት ነው ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀ መንበሩ እጁን አፋተገ። «እሷን ስናነሣት ወደቀ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለ?» ሰዉ አጨበጨበ። በዚያን ጊዜ ምን ድፍረት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ተነሥቼ የሪፖርቴን የመጨረሻ ገጽ ይመልከቱልኝ አልኩ። እሳቸው ሳይታሰሩ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ዋጋው በራሱ እንደሚወድቅ ጽፌያለሁ አልኩ። ጸሐፊው ገጹን አወጣና አነበበው። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ በዚያ በረጋ ድምፁ፦

«እንደሚወድቅ ቀድመህ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ማን ነገረህ?»

«ግምት ነው» አልኩና ተቀመጥኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርጣራ ነኝ፣ ራሴንም ጭምር።

ጋሼ ለታሰሩት እትዬ በየቀኑ ምሳ ያደርሳሉ። መጀመሪያ ወደ ቀበሌው፣ ከዚያ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሲያዛውሯቸው ወደዚያ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላቸው ደስ ይላቸዋል፣ በልታለች ማለት ነው። በገና ዋዜማ ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «እዚህ የለችም» ብቻ ነው ያላቸው። የት እንደወሰዷቸው የሚናገር ጠፋ። በዚያ ዘመን ምግብ ሲመለስ ምን ሊሆን እንደሚችል የማያውቅ ሰው ጉለሌ ውስጥ አልነበረም። ጋሼም ያውቃሉ፤ ግን አላሉትም፣ እኛም አላልነውም።

የገና ማግስት ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩ። ቤቴ ገብተው አያውቁም ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ክሩ በታኅሣሥ አጋማሽ ይሰበራል ብለህ ለእሷ ነግረሃት ነበር። እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ሳቅሁ። ይኸው ያልከው ቀን ላይ ተሰበረ።»

ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ።

«የእሷንም አስላልኝ። መቼ ትወጣለች?»

የታሰሩበትን ቀን ነገሩኝ። ቀበሌ ስንት ቀን እንደቆዩ፣ ወደ ከፍተኛው መቼ እንደተዛወሩ፣ ምግቡ የትኛው ቀን እንደተመለሰ፤ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። «ከዚህ ሌላ ቁጥር የለኝም» አሉ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ እያሉ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዋጋውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ሲጠይቁኝ አላውቅም ያልኩት እኔ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አይሰላም ማለት ነበረብኝ። ዓይናቸውን አየሁ። እርሳስ አነሣሁና ቀኖቹን ወረቀት ላይ ደረደርኩ፣ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፣ የማይረባ ሥሌት ከላይ እስከ ታች ሞላሁበት። እሳቸው እጄን ነበር የሚከተሉት።

«ለጥምቀት» አልኳቸው።

ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ለግቢው ሁሉ ነገሩ፣ ለሸማኔ ጓደኞቻቸው ነገሩ፤ ለእትዬም በረከሰው ክር አዲስ ነጠላ ሠሩላቸው፣ ጥለቱን ራሳቸው መርጠው። ጥምቀት መጣ። ታቦቱ ወጣ፣ ታቦቱ ገባ፣ ሰዉ ዘፍኖ ወደየቤቱ ተመለሰ። ጋሼ እስኪመሽ ግቢው በር ላይ ቆመው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮሁብኝ እንዴት በተሻለኝ። እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ትንሽ ስተህ ይሆናል» አሉኝ ቀስ ብለው። «እስኪ እንደገና አስላው።»

ወረቀት አወጣሁ። ለረጅም ጊዜ ጻፍኩ።

«ለፋሲካ» አልኳቸው።